ናት ኪንግ ኮል እና ሁለቱ ክሶች

የናት ኪንግ ኮል ስም ሲነሣ ቅር የሚላቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኞቹ የጃዝ አፍቃሪዎች ናቸው። በዘመኑ ከነበሩት ፒያኖ ተጫዋቾች ከፊት የሚሰለፍ ሰው ፒያኖውን ትቶ፣ በቫዮሊን ታጅቦ የፍቅር ዘፈን ማንጎራጎሩ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። ሌሎቹ የጥቁር አሜሪካውያንን የመብት ትግል ታሪክ የሚከታተሉ ናቸው። ወገኖቹ አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ሲጓዙ እሱ ለነጮች ብቻ በተከፈተ አዳራሽ መዝፈኑን አይረሱለትም።

የቀረው ዓለም ይወደዋል። በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጸው የገና ዘፈኑ በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ከየገበያ አዳራሹ ይንቆረቆራል፤ በጃንዋሪ 2023 ደግሞ የቢልቦርድ ዋና ሰንጠረዥ የመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገብቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፍቅሩ እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ክሶች ግን አልተዘጉም። ባለቤቱ ማሪያ ኮል በ1971 ካሳተመችው የሕይወት ታሪክ ጀምሮ፣ በሌስሊ ጎርስ (1991) እና በዳንኤል ማርክ ኤፕስታይን (1999) በኩል አልፎ፣ ዊል ፍሪድዋልድ በ2020 እስካወጣው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ድረስ ጸሐፊዎቹ ሁሉ በሆነ ምዕራፍ ላይ ወደነዚሁ ጥያቄዎች ይመለሳሉ። ሸክላዎቹንና መጻሕፍቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የመጀመሪያው ክስ ውኃ እንደማይቋጥር ለማየት አይቸገርም። ሁለተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ናትናኤል አዳምስ ኮልስ ማርች 17 ቀን 1919 በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ የባፕቲስት ሰባኪ፣ እናቱ ፐርሊና የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ቤተሰቡ በዚያ ዘመን እንደነበሩት ብዙ የደቡብ ጥቁሮች ወደ ሰሜን ተሰዶ ቺካጎ ከተመ። ልጁ ፒያኖን መጀመሪያ ከእናቱ ተማረ፤ ዱሳብል ትምህርት ቤት ደግሞ ብዙ የጃዝ ሰዎችን ያፈራው ዋልተር ዳየት መምህሩ ሆነ። ጆሮውን የሳበው ግን በከተማው የምሽት ክበቦች የነገሠው ኤርል ሃይንስ ነበር። የቀኝ እጁ ጣቶች እንደ ጥሩምባ ነፊ ዜማውን አንጥረው የሚያወጡበትን ዘዴ ወጣቱ ከእሱ ወስዶ የራሱ አደረገው። በ1936 ከታላቅ ወንድሙ ከባስ ተጫዋቹ ኤዲ ጋር ለዴካ ኩባንያ ጥቂት ሸክላ ቀረጸ። ቀጥሎ "ሸፍል አሎንግ" ከተባለ ተዘዋዋሪ የመድረክ ትርኢት ጋር ወደ ምዕራብ ሲጓዝ፣ ትርኢቱ በ1937 ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ላይ ገንዘቡ አልቆ ፈረሰ። ናት እዚያው ሎስ አንጀለስ ቀረ።

ስዋኒ ኢን በተባለ ክበብ ከጊታሪስቱ ኦስካር ሙርና ከባስ ተጫዋቹ ዌስሊ ፕሪንስ ጋር ሲቀናጁ ከበሮ መቺ አልነበራቸውም። ለምን? አንዱ የተቀጠረው ከበሮ መቺ ቀርቶ ነው ይላል፤ ሌላው መድረኩ ከበሮ አይችልም ነበር ይላል። ሰክሮ ካልዘፈንክልኝ ብሎ ያስቸገረው ደንበኛ ታሪክም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው፤ ናት ኮል ዘፋኝ የሆነው በዚያ ሌሊት ነው ተብሎ በየመጽሔቱ ተተርቷል። ባለታሪኩ ራሱ ወሬው ማማሩን አይቶ ዝም ብሎ ማለፉን በኋላ አጫውቷል። ከዚያ በፊትም ይዘፍን ነበርና።

የከበሮው መጉደል ያመጣው ነገር ግን ወሬ አይደለም። ከበሮ ከሌለ ምቱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው የለም፤ ሦስቱም እየተሰሙ ሦስቱም ሰዓት መጠበቅ አለባቸው። በዘመኑ ትላልቅ ባንዶች ዐሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ሰው አሰልፈው በጥሩምባ ሲያናውጡ፣ እነዚህ ሦስቱ ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ ሰውን ያስጨፍሩ ነበር። ፒያኖውና ጊታሩ አንድ ዜማ እኩል ይዘው ይሮጣሉ፤ ድንገት አንዱ ያፈገፍግና ሌላው ክፍተቱን በሁለት ኖታ ይዘጋዋል። የናት ግራ እጅ ቁጥብ ነው፤ ቦታውን ከመሙላት ይልቅ በሰዓቱ ጠቅ አድርጎ ይወጣል። በዘመኑ የተነሡ አጫጭር ፊልሞች ላይ ደግሞ የሚገርም ነገር ይታያል። ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ዞሮ ይቀመጣል፤ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ተመልካቹ ነው፤ እየዘፈነ ፈገግ ይላል። እጆቹ ከጎኑ፣ እሱ ሳያያቸው፣ ለሌላ ሰው ዋና ሥራ የሚሆን ከባድ ሙዚቃ ይጫወታሉ። ብዙ ተመልካች ፊቱን እያየ እጁን ረስቶታል። የመጀመሪያው ክስ ሥሩ እዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሙያተኞቹ ግን እጁን አይተዋል። አርት ቴተም በ1943 የራሱን ፒያኖ፣ ጊታርና ባስ ሲያዋቅር፣ ኦስካር ፒተርሰንና አሕመድ ጀማል በየተራቸው ያንኑ ቅርጽ ሲይዙ አርአያው ግልጽ ነበር። ሬይ ቻርልስ ጀማሪ በነበረበት ጊዜ የናትን አጨዋወትም አዘፋፈንም እንደ ወረደ ይቀዳ እንደነበር ሳይደብቅ ተናግሯል፤ የመጀመሪያ ሸክላዎቹን የሰማ ሰው ምስክር አያስፈልገውም። በጁላይ 1944 ኖርማን ግራንዝ በሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ አዳራሽ የጃዝ ኮንሰርት ሲጀምር ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ናት ነው። በ1946 ከሳክስፎኒስቱ ሌስተር ያንግና ከከበሮ መቺው በዲ ሪች ጋር ሲቀርጽ ኮንትራቱ ስለማይፈቅድለት በሌላ ስም ተመዘገበ። ስም ይቀየራል እንጂ እጅ አይቀየርም፤ የሰማ ሁሉ ማን እንደሆነ አውቋል።

ከሕዝብ ጋር ያስተዋወቀው ዘፈን ከአባቱ መድረክ የመጣ ነው። አንድ ዝንጀሮ ጆፌ አሞራ ላይ ተቀምጦ ሲበር አሞራው ሊጥለው ሲያስብ አንገቱን አንቆ እንደሚያስተካክለው የሚያወሳ ተረት አባቱ በስብከታቸው ያነሡት ነበር። ናት ከዚያ "ስትሬትን አፕ ኤንድ ፍላይ ራይት" የተባለውን ዘፈን ሠርቶ፣ ገንዘብ ቸግሮት ኖሮ፣ መብቱን ለአሳታሚው ኧርቪንግ ሚልስ በ50 ዶላር ሸጠው። ዘፈኑ በ1943 መጨረሻ ሲቀረጽና በዓመቱ አገር ሲያዳርስ የደራሲነት ጥቅሙ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ሸክላውን ያሳተመው ካፒቶል በ1942 ሆሊዉድ ውስጥ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ራሱ የዘፈን ደራሲ የሆነው ጆኒ መርሰር ነው። ትንሹ ኩባንያና ሦስቱ ሙዚቀኞች አብረው አደጉ። ካፒቶል በ1956 ያስመረቀውን ክብ ሕንጻ የሆሊዉድ ሰዎች ናት የሠራው ቤት ይሉታል።

ወደ ቫዮሊኑ የተሻገረው ታዲያ በአንድ ጀምበር አይደለም። ሜል ቶርሜና ቦብ ዌልስ በ1945 በጋ፣ ሙቀቱ ሲበረታባቸው ስለ ብርድ እያሰቡ ለመቀዝቀዝ የጻፉትን የገና ዘፈን ናት ሰምቶ ወደደው። በጁን 1946 በሦስት ሰው ብቻ ቀረጸው። አልረካም። በኦገስት ጥቂት ባለ ክር መሣሪያዎች ጨምሮ ደገመው፤ የወጣውም ይኸኛው ነው። ኩባንያው ተጎትቶ፣ ዘፋኙ ገፍቶ የመጣ ለውጥ እንደሆነ ከዚህ ይታያል፤ የንግድ ሰዎች አበላሹት የሚለው የተለመደ ትረካ እዚህ ላይ ይሰናከላል። በ1948 የወጣው "ኔቸር ቦይ" ደግሞ ጭራሽ ለየት ያለ ነበር። ደራሲው ኢደን አቤዝ ፀጉሩን አሳድጎ፣ አትክልት ብቻ እየበላ ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው ነው፤ የዜማውን ወረቀት የናት ዝግጅት ወደ ነበረበት የሎስ አንጀለስ ቲያትር ይዞ መጥቶ ለናት ሰዎች ሰጥቶ ሄደ። ዘፈኑ 8 ሳምንት አንደኛ ሆነ። ዜማው የእኔ ነው ብሎ የከሰሰ የይዲሽ ቲያትር ሙዚቀኛም ኋላ ብቅ ብሎ፣ ነገሩ በገንዘብ ስምምነት አልቋል።

"ሞና ሊሳ" በ1950 የወጣችው በሸክላው ጀርባ ነው። ኩባንያው ፊት ለፊት ያስቀመጠው ሌላ ዘፈን ነበር፤ ሕዝቡና የሬዲዮ ሰዎች ሸክላውን ገልብጠው ጀርባውን መረጡ። በወረቀት ላይ የአቀናባሪነቱ ስም የሌስ ባክስተር ይሁን እንጂ ሥራውን የሠራው ያኔ ብዙ ያልታወቀው ኔልሰን ሪድል ነበር። ናት ይህን ሲያውቅ ሪድልን ወደ ራሱ አቀረበው፤ ከዚያ "አንፎርጌተብል" ተከተለ። ፍራንክ ሲናትራ ከሪድል ጋር የሠራቸው ዝነኛ አልበሞች የመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ክስ። ሦስቱ ሰዎች በ1951 ተበተኑ፤ ናት ማይክሮፎን ይዞ ቆሞ የሚዘፍን ሰው ሆነ። ይህ ከጃዝ መሸሽ ነው? ድምፁን በጥሞና ላዳመጠ ሰው አይደለም። ቃላቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ምቱን ትንሽ ከኋላ ይዞ ሐረጉን የሚጨርስበት መንገድ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ ኖታውን ሳይጎትት የሚለቅበት ሥርዓት ያው የግራ እጁ ቁጥብነት ነው። ሰፊ የድምፅ እርከን የለውም፤ አይጮኽም፤ አያስጌጥም። ፒያኖው ላይም አያስጌጥም ነበር። በዚያ ላይ ጃዙን አልረሳም። በ1957 የወጣው "አፍተር ሚድናይት" አልበም ላይ ከመለከት ነፊው ሃሪ ኤዲሰን፣ ከቫዮሊኒስቱ ስታፍ ስሚዝና ከሌሎች ነባር የጃዝ ሰዎች ጋር ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ዘፍኗል፤ ጣቱ ያልዛገ መሆኑ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይሰማል። የዚያው ዓመት ገበያ ግን ለ"ላቭ ኢዝ ዘ ቲንግ" አደላ፤ ጎርደን ጄንኪንስ በባለ ክሮች ያለበሰው ይህ አልበም አንደኛ ወጣ።

ትችት የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። የ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራዎቹ፣ በተለይ የ1962ቱን "ራምብሊን ሮዝ" የመሰሉት፣ ሕዝብ አብሮ እንዲያጨበጭብ ታስበው የተሠሩ ቀላል ነገሮች ናቸው። ሸክላዎቹ በብዛት ተሸጠዋል። እዚያ ላይ የሚሰማው ናት ግን ማንም ሊተካው የሚችል ነው፤ ይህን ስለ ሌላ ዘመን ሥራው ማለት አይቻልም። ስፓኒሽ ሳይችል ቃላቱን በድምፅ ብቻ አጥንቶ በ1958 ያወጣው "ኮል ኤስፓኞል" እንኳ ከነዚህ ይሻላል፤ አነጋገሩ ባዕድ ቢሆንም በላቲን አሜሪካ ከልብ ተወዶለታል።

ሁለተኛው ክስ ከቤት ይጀምራል። ናት በማርች 1948 የፋሲካ ዕለት ከማሪያ ጋር የተጋባው ሃርለም በሚገኘው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ያጋባቸው ፓስተሩና የምክር ቤት አባሉ አዳም ክሌይተን ፓወል ጁኒየር ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ የተመሠረተው በ1808 ነው፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት እንደሚለው የእኛ አገር ነጋዴዎችና ጥቁር አሜሪካውያን ምእመናን በኒው ዮርክ የነጮች ቤተ ክርስቲያን ለጥቁር በተለየ ቦታ አንቀመጥም ብለው ወጥተው ያቆሙት ነው። ሙሽሮቹ በተጋቡበት ዓመት በጋ ሎስ አንጀለስ ሃንኮክ ፓርክ ሠፈር ቤት ገዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቤት ለጥቁር አይሸጥም የሚሉ የሠፈር ውሎችን ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ የወሰነው ከጥቂት ወራት በፊት ነበር። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው የማይፈለጉ ሰዎች ወደ ሠፈራችን እንዲገቡ አንሻም ሲሉት፣ እሱም እንደማይሻ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲገባ ካየም ቀድሞ የሚያመለክተው እሱ እንደሚሆን መለሰላቸው። የቤተሰቡ ውሻ ተመረዘ፤ ሣሩ ላይ የዘር ስድብ በእሳት ተጻፈ። አልወጣም። እስኪሞት እዚያው ኖረ።

ኤፕሪል 10 ቀን 1956 በርሚንግሃም፣ አላባማ። የትውልድ ከተማው ሞንትጎመሪ በአውቶቡስ እቀባው አምስተኛ ወር ላይ ናት። ናት ከእንግሊዛዊው ቴድ ሂዝ ኦርኬስትራ ጋር ለሁለት ዝግጅት መጥቷል፤ የመጀመሪያው ለነጮች፣ የማታው ለጥቁሮች። ሦስተኛው ዘፈን ላይ እያለ ጥቂት ሰዎች በመተላለፊያው ሮጠው መድረኩ ላይ ወጡና ጣሉት። ፖሊስ ወሬው ቀድሞ ደርሶት ስለነበር ቶሎ ያዛቸው። ጥቃቱን ያቀዱት ሰዎች ኤሳ ካርተር የተባለ ዘረኛ ቀስቃሽ ከመሠረተው ማኅበር ነበሩ። ይህ ካርተር ኋላ የአላባማውን ገዥ የጆርጅ ዋላስን ንግግሮች የጻፈ፣ ከዚያም ስሙን ቀይሮ ስለ አንድ የቼሮኪ ሕፃን ልብ የሚነካ መጽሐፍ ደርሶ አገር ያታለለ ሰው ነው። ናት ወደ መድረኩ ተመልሶ ሕዝቡን አመሰገነ፤ ጀርባው ስለተጎዳ ዝግጅቱን ግን አልቀጠለም። የማታውን ለወገኖቹ አቀረበ።

ጉዳት ያደረሰበት ድብደባው ብቻ አልነበረም፤ ቀጥሎ የተናገረው ነገርም ነው። እኔ በየትኛውም ተቃውሞ አልተካፈልኩም፣ የማንም ድርጅት አባል አይደለሁም፣ ታዲያ ምን አድርጌ ነው የሚመቱኝ የሚል መልእክት ያለው ቃል ለጋዜጠኞች ሰጠ። የጥቁሮች ጋዜጦች አልማሩትም። ሃርለም ውስጥ ሸክላዎቹ ከየመጠጥ ቤቱ ማጫወቻ መሣሪያ ወጡ። ናት ደንግጦ መልስ ጻፈ። ለሞንትጎመሪው እቀባ ገንዘብ መስጠቱን፣ ቀጥረውት አልጋ የከለከሉትን የሰሜን ሆቴሎች መክሰሱን ዘረዘረ። በ500 ዶላር የጥቁሮች መብት ማኅበር የሆነው የኤንኤኤሲፒ የዲትሮይት ቅርንጫፍ የዕድሜ ልክ አባል ሆነ። ከፋፍለው በሚያስቀምጡ አዳራሾች አልዘፍንም የሚለው አቋሙም ከዚያ በኋላ ጠነከረ። ለተከሳሹ የሚያዝኑ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዝርዝር ይዘው በነጻ ሊያሰናብቱት ይሞክራሉ። ዝርዝሩ እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው ከወቀሳው በኋላ የመጣ ወይም በድብቅ የተሠራ ነው። የአደባባይ ሰው ዝምታ የአደባባይ ነገር ነውና ተቺዎቹ አልተሳሳቱም።

የዚያው ዓመት ኖቬምበር 5 ግን ሌላ ዓይነት መድረክ ላይ ወጣ። ኤንቢሲ በስሙ ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ዝግጅት ጀመረለት፤ መጀመሪያ 15 ደቂቃ፣ በ1957 በጋ ግማሽ ሰዓት። በሬዲዮ ከአሥር ዓመት በፊት የፀጉር ቅባት አምራቹ ዋይልድሩት ስፖንሰር ሆኖት ነበር። በሬዲዮ ቆዳ አይታይም። ቴሌቪዥን ሲሆን በመላ አገሪቱ ስሙን አጠገቡ ማስጠራት የሚደፍር ኩባንያ ጠፋ፤ በአንዳንድ ከተሞች ብቻ ራይንጎልድ ቢራ ገባ። ኤላ ፊትዝጄራልድ፣ ሃሪ ቤላፎንቴ፣ ፔጊ ሊና ሌሎችም ዝግጅቱን ለማቆየት ዝቅተኛውን የማኅበር ክፍያ ብቻ ተቀብለው መጡለት። አልበቃም። የመጨረሻው ዝግጅት ዲሴምበር 17 ቀን 1957 ተላለፈ። በፌብሩዋሪ 1958 በ"ኤቦኒ" መጽሔት ላይ ለምን እንደተወው በስሙ ሲጽፍ ጣቱን ቀጥታ ወደ ማስታወቂያ ድርጅቶቹ ቀሰረ። ጨለማ ይፈራሉ ብሎ የተረበውም እነሱን ነው። እዚህ ላይ ዝም አላለም፤ ከሳሾቹም ይህን ጽሑፍ ሲያነሡ አይታይም።

ሲጋራ ነው የገደለው። ማጨስ ለድምፁ ሻካራ ለዛ ይሰጠዋል ብሎ ያምን ስለነበር ከመቅረጹ በፊት ደራርቦ ያጨስ ነበር። "ላቭ" የተባለውን የመጨረሻ አልበሙን በታመመ ሳንባ ጨርሶ፣ በጃንዋሪ 1965 ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ፌብሩዋሪ 15 ሳንታ ሞኒካ በሚገኝ ሆስፒታል አረፈ። ገና 45 ዓመቱ ነበር። ማርቪን ጌይ በዚያው ዓመት ሙሉ አልበም ለመታሰቢያው አወጣ።

ከሞተ በኋላ ስሙን ካነሡት ሁሉ የልጁን የናታሊን ያህል የሠራ የለም። በ1991 ከአባቷ የድሮ ቅጂ ጋር ድምፅዋን አጣምራ "አንፎርጌተብል"ን ስትዘፍን፣ የሞተ ሰው በቴክኖሎጂ አስነሥቶ ማስዘፈን ነውር ነው ያሉ ነበሩ። አልበሙ በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ከግራሚ 7 ሽልማት ይዞ ተመለሰ። ለአዲሱ ትውልድ አባቷን ያስተዋወቀችው እሷ ናት፤ ያስተዋወቀችው ግን ባለ ቫዮሊኑን ነው። በዚያው 1991 ሞዛይክ የተባለ የጃዝ አሳታሚ የሦስቱን ሰዎች የካፒቶል ቅጂ በሙሉ በ18 ሲዲ ሰብስቦ በተወሰነ ቁጥር አወጣ፤ የገዛው ሰብሳቢ ብቻ ነበር።

በቅርብ ዓመታት ሚዛኑ መስተካከል ጀምሯል። በ2019 ሬዞናንስ ከ1936 እስከ 1943 ያሉትን ቅጂዎች በ7 ሲዲ አሳተመ፤ በዚህ ስብስብ ላይ ዘፋኙ ገና በጨዋታ መካከል አልፎ አልፎ የሚገባ ሰው ሲሆን፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ግን ሙሉ ሰው ነው። ኮልማን ዶሚንጎና ፓትሪሺያ ማክግሬገር የጻፉት "ላይትስ አውት" የተባለ ተውኔት ደግሞ የመጨረሻውን የቴሌቪዥን ምሽት ይዞ፣ ናት በልቡ ያፈነውን ቁጣ በመድረክ ላይ ያስጮኸዋል። ተውኔቱ ኃይለኛ ነው፤ ሆኖም ናትን ሌላ ሰው ያደርገዋል። እሱ ሲቆጣ ምን እንደሚል የሃንኮክ ፓርክ ጎረቤቶቹም የማስታወቂያ ድርጅቶቹም ሰምተውታል፤ ሁለቱንም ጊዜ የተናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።